ቆሮሶ ወይስ አምባዛ? የኩሬ ዓሣን በተፈጥሮ መኖሪያው የመምረጥ መመሪያ

የዓሣ ኩሬ ለመቆፈር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ዓሣ ቶሎ ይደርሳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልሱ ያለው ከዓሣው ዘንድ ብቻ ሳይሆን ከኩሬው ውኃ ዘንድም ነው። አርባ ምንጭ አካባቢ በጥቂት ወራት ለገበያ የሚበቃ ቆሮሶ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በተቆፈረ ኩሬ ውስጥ ዓመት ሙሉ ከርሞ ከመዳፍ ላያልፍ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭም ጭራሹን ሊያልቅ ይችላል። ዘሩ አንድ፣ መኖው አንድ፣ ድካሙም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ውኃው ነው። ስለዚህ ዓሣ ከመምረጥ በፊት ዓሣው ሰው ሳይነካው በገዛ ቤቱ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ፣ ከዚያም የራስን ኩሬ ከዚያ ቤት ጋር ማስተያየት ይበጃል።

በዚህ ጽሑፍ የማነጻጽረው በአገራችን የኩሬ እርባታ ሲነሣ ስማቸው አብሮ የሚነሣውን ሁለት የሞቃት አካባቢ ዓሦች ነው፤ እነርሱም በሳይንሳዊ ስሙ ኦርዮክሮሚስ ኒሎቲከስ የሚባለው ቆሮሶና ክላሪያስ ጋሪፒነስ የሚባለው አምባዛ ናቸው። ሁለቱም ከውጭ ያልመጡ፣ የእኛው ሐይቆችና ወንዞች ዓሦች ናቸው። ጣና ላይ አንዱ አስጋሪ በአንድ ቀን ሁለቱንም ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በአንድ ሐይቅ እየኖሩም ኑሯቸው ለየቅል ነው፣ የኩሬ ባለቤቱ ምርጫም የሚመሠረተው በዚሁ የኑሮ ልዩነት ላይ ነው። ለደጋ ኩሬ ስለሚታሰበው ካርፕም ወደ መጨረሻው በአጭሩ አነሣለሁ።

የቆሮሶ ቤት

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ቆሮሶን ሲሰይም የናይልን ስም ሰጥቶታል። የተፈጥሮ ስርጭቱ ግን ከናይል የሰፋ ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ከሴኔጋል ወንዝ እስከ ኒጀርና እስከ ቻድ ተፋሰስ፣ በምሥራቅም እስከ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። በአገራችን ጣናም፣ ዝዋይም፣ ላንጋኖም፣ ሐዋሳም፣ አባያም፣ ጫሞም ቤቱ ናቸው። እነዚህ ሐይቆች እርስ በርሳቸው እጅግ ይለያያሉ። ዝዋይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር የማያልፍ ሰፊና ጠፍጣፋ ሐይቅ ሲሆን፣ በስፋት ብዙ የሚያንሰው ሐዋሳ ከ20 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ አባያ በደለል ቡናማ ሆኖ ሲታይ፣ እግዜር ድልድይ በሚባለው ቀጭን የመሬት አንገት ብቻ የተለየው ጫሞ ጠራ ያለ ነው። ቆሮሶ ግን በሁሉም ዘንድ የሚፈልገው ስፍራ ተመሳሳይ ነው፤ ከዳር ብዙ ያልራቀ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ቀን ቀን የሚሞቅና አልጌ የሚበዛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ላንሣ። ቆሮሶ ሁሉ አንድ አይደለም። እንግሊዛዊቷ የዓሣ ሊቅ ኤተልዊን ትሬዋቫስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረበችው ምደባ በአዋሽ ተፋሰስ ፍል ውኃዎች ውስጥ የሚኖረውን ቆሮሶ ለይታ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርጋዋለች፤ የጣናውንም ቆሮሶ ሥዩምና ኮርንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 እንዲሁ ለብቻው ለይተውታል። ስለዚህ የዓሣ ጫጩት የሚያቀርብልዎትን ሰው «የእነዚህ ጫጩቶች ወላጆች ከየትኛው ሐይቅ የመጡ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ኩሬዎ ከየትኛው ሐይቅ ጋር በሙቀትና በከፍታ እንደሚቀራረብ ካወቁ መልሱ ይጠቅምዎታል።

የቆሮሶ ዋነኛው ጥቅም ያለው በአመጋገቡ ላይ ነው። ከፍ ካለ በኋላ ዋና ቀለቡ በዓይን የማይለየው ደቃቅ አልጌ ነው። በስንጥቡ ላይ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ አልጌውን እየያዘ ወደ ጉሮሮው ያሳልፋል፤ የጨጓራው አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል) ከ2 በታች እስኪወርድ ድረስ ብርቱ ስለሆነ፣ ሌሎች ብዙ ዓሦች ሊፈጩት የማይችሉትን የአልጌ ሽፋን ያፈርሰዋል፤ አንጀቱም ተዘርግቶ ቢለካ የገላውን ርዝመት ስድስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህ ማለት በእበት ወይም በዶሮ ኩስ የዳበረ፣ ፀሐይ የሚመታው ኩሬ ለቆሮሶ ማሳ ነው ማለት ነው፤ ከበላዩ የሚጨመረው ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ድጎማ እንጂ ዋና ምግብ አይሆንም።

ኩሬው ለቆሮሶ በቂ ቀለብ እንዳለው ለማወቅ የላቦራቶሪ መሣሪያ አያስፈልግም። ፀሐይ ከፍ ባለችበት ሰዓት ከኩሬው ዳር ተንበርክከው ክንድዎን ቀጥ አድርገው ወደ ውኃው ይስደዱ፤ ዓይንዎን ከመዳፍዎ አያንሡ። ውኃው ክርንዎ ላይ ሲደርስ መዳፍዎ ከዓይንዎ ከተሰወረና የውኃው ቀለም አረንጓዴ ከሆነ ኩሬው መልካም ይዞታ ላይ ነው። ክርንዎ ጠልቆም ጣቶችዎ ከታዩ ውኃው ስለከሳ ማዳበሪያ ይሻል፤ ገና አንጓዎ ላይ ሳለ መዳፍዎ ከጠፋ ግን አልጌው ስለበዛ እበት መጨመሩን ማቆም ይገባል። ውኃው በአፈር የደፈረሰ፣ ቡናማ ከሆነ ይህ ፈተና አይሠራም፤ ድፍርስ ውኃ ብርሃን ስለማያስገባ አልጌ አያበቅልም፣ ቆሮሶም ከዚያ ውኃ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

የቆሮሶ ችግርም ከመልካም ጠባዩ ይወለዳል። ወንዴው በኩሬው ወለል ላይ በአፉ አፈር እየዛቀ ክብ ጉድጓድ ይሠራል፤ ኩሬ ሲደርቅ እንደ ሰሐን ጎድጎድ ያሉ ክቦች ወለሉን ሞልተውት የሚታዩት ለዚህ ነው። ሴቴዋ በዚያ ጉድጓድ ላይ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች፤ ከዚያም እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ አስኳላቸውን እስኪጨርሱ ድረስ፣ እንደ ውኃው ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አፏ ውስጥ ታቆያቸዋለች። መረብ በሚጎተትበት ጊዜ አገጯ ወደ ታች ያበጠ፣ አፏን ግጥም አድርጋ የያዘች ዓሣ ካጋጠመችዎ ቀስ አድርገው ቢከፍቱት ከጤፍ የሚበልጡ፣ ከምስር የሚያንሱ ቢጫ እንቁላሎች ተደርድረው ያገኛሉ። 100 ግራም የምትመዝን ሴቴ በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ስትይዝ፣ ከ600 ግራም እስከ 1 ኪሎ ግራም የደረሰች ደግሞ ከ1,000 እስከ 1,500 ልትይዝ ትችላለች። ቁጥሩ ከሌሎች ዓሦች አንጻር ትንሽ ነው፤ እናት በአፏ ስለምትጠብቃቸው ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ።

በሐይቅ ይህ ሁሉ ችግር አይሆንም፤ ስፋቱም ትልልቅ ዓሣ በል ዓሦችም ወፎችም ብዛታቸውን ይመጥኑታል። በምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ቆሮሶ ለመራባት የሚደርሰው በ10 ወይም በ12 ወሩ፣ ክብደቱም ከ350 እስከ 500 ግራም ሲሆን ነው። በኩሬ ግን በ5 ወይም በ6 ወሩ መራባት ይጀምራል፤ ተጨናንቆ እድገቱ የተቀጨ ከሆነም ከ20 ግራም በታች ሆኖ እንኳ ሊወልድ ይችላል። ውጤቱን ያዩት ያውቁታል። 500 ጫጩት የገባበት ኩሬ ከስምንት ወር በኋላ ሲቀዳ ብዙ ሺህ ጣት የሚያክሉ ዓሦች ይወጡበታል፤ ሁሉም መኖውን በልተውታል፣ አንዱም ለገበያ አልበቃም። በቆሮሶ እርባታ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ያዘኑት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ያሳዝናልም፣ ምክንያቱም ሊከላከሉት የሚቻል ነገር ነው።

መከላከያው ወንዴ ብቻ ማርባት ነው። ወንዴው ከሴቴዋ ፈጥኖ የሚያድግ ስለሆነ ጥቅሙ ሁለት ነው። በማስፈልፈያ ጣቢያ ገና ከእናታቸው አፍ የወጡ ጫጩቶችን ለጥቂት ሳምንታት ሆርሞን በተቀላቀለበት መኖ በመመገብ ወንዴ ማድረግ ይቻላል። ይህን ለማያገኝ ሰው የእጅ መለየት ይቀራል፤ 30 ግራም ገደማ የደረሰውን ዓሣ በጀርባው አስተኝቶ ከፊንጢጣው በስተኋላ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ማየት ነው። ጉብታዋ ላይ ጠብታ ቀለም ቢቀባ ቀዳዳዎቹ ጎልተው ይታያሉ፤ ፊንጢጣው ተጨምሮ ወንዴው ሁለት፣ ሴቴዋ ሦስት ቀዳዳ አላቸው። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ከመቶው ጥቂት መሳሳትም አይቀርም፤ ይሁንና ከሁለትና ከሦስት ቀን ልምምድ በኋላ እጅም ዓይንም ይለምደዋል።

የአምባዛ ቤት

አምባዛ እ.ኤ.አ. በ1822 ሲገለጽ ናሙናው የተገኘው ከደቡባዊ አፍሪካ ነበር። ስርጭቱ ከዚያ ከኦሬንጅ ወንዝ ጀምሮ መላውን አፍሪካ አቋርጦ እስከ ናይል፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዮርዳኖስ ወንዝና እስከ ደቡባዊ ቱርክ ይደርሳል። ይህን ያህል የተስፋፋው ሌላው ዓሣ የሚሸሸውን ውኃ ቤቱ ማድረግ ስለቻለ ነው። ሐይቅም ወንዝም ይኖራል፤ ነገር ግን እውነተኛ ጠባዩ የሚታየው በረግረግ፣ በጎርፍ ሜዳና በበጋ እየጎደለ በሚሄድ ጭቃማ ኩሬ ውስጥ ነው።

ምስጢሩ ከስንጥቡ በላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። በዚያ ቅርንጫፍ እንዳወጣ ዛፍ የተበታተነ፣ በደም ሥር የተሞላ ቀይ አካል አለው፤ አምባዛ ወደ ላይ ወጥቶ የጎረሰውን አየር በዚህ አካል ይተነፍሳል። አምባዛ ያለበት ኩሬ ዳር ጸጥ ብለው ቢቀመጡ፣ ጢማም አፍ ድንገት ብቅ ብሎ አየር ጎርሶ ሲጠፋ፣ በስፍራውም ክብ ሞገድ ሲሰፋ ያያሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላው በሌላ በኩል ይወጣል። ይህ የጭንቅ ምልክት አይደለም፣ ኑሮው ነው። ገላው ከረጠበለት ከውኃ ውጪም ለሰዓታት ይቆያል፤ በዝናባማ ሌሊት በጎን ክንፎቹ ላይ ባሉት ጠንካራ እሾሆች መሬቱን እየተደገፈ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ የአምባዛ ኩሬ ግድግዳ ከውኃው ከፍ ያለ፣ የውኃ መውጫውም በወንፊት የተዘጋ መሆን አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሰው ከክረምቱ ማግስት ኩሬው ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

አወላለዱም ከቆሮሶ ፍጹም የተለየ ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ሲፈስሱ፣ የጣና አምባዛ ከሐይቁ ወጥቶ ጎርፉን ተከትሎ ወደ ሸሸርና ወደ ወላላ ረግረጎች ይገባል። እንቁላሉን አዲስ በተጥለቀለቀው ሣር ላይ ይጥላል፤ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ወላጆቹም ትተውት ይሄዳሉ። ውኃው ሞቃት ከሆነ እንቁላሉ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላል። አንዲት ትልቅ ሴቴ የምትጥለው እንቁላል በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ነው፤ ጠባቂ ስለሌለው የሚተርፈው ግን ጥቂቱ ነው።

ለኩሬ ባለቤቱ ይህ ሁለት መልእክት አለው። አንደኛው የምሥራች ነው፤ ኩሬ ውስጥ ጎርፍ የለምና አምባዛ በራሱ አይራባም፣ ቆሮሶን የሚያቀጭጨው መጨናነቅም አይደርስበትም፤ 500 ካስገቡ ከ500 የሚበልጥ አይወጣም። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። ጫጩቱን ሁልጊዜ ከማስፈልፈያ ጣቢያ ማግኘት ያስፈልጋል፤ በጣቢያውም ሴቴዋን በሆርሞን መርፌ ማነሣሣት፣ እንቁላሏን ማለብ፣ የወንዴውንም ዘር ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ወንዴውን ማረድ ግድ ይሆናል። የተፈለፈሉት ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበሉት ሕይወት ያለው ደቃቅ ተንቀሳቃሽ ምግብ ነው፤ ከዚያም ትልቁ ትንሹን መዋጥ ይጀምራል። በአንድ ዕለት የተፈለፈሉ ወንድማማቾች ሳምንታት ሳያልፉ አንዱ የሌላውን እጥፍ ያህል ይሆናል፣ ያም ትንሹን ከጭንቅላቱ ጀምሮ ይውጠዋል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በመጠን እየለዩ ማስቀመጥ የማይችል ሰው ከመዳፍ ያነሰ የአምባዛ ጫጩት ባይገዛ ይመረጣል።

ሙቀት በሁለቱ መካከል አይመርጥም

ብዙ ሰዎች «ቦታዬ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቆሮሶ ትቼ አምባዛ አስገባለሁ» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ስሕተት ነው። ሁለቱም የሙቀት ዓሦች ናቸው፤ አምባዛ የኦክስጅን እጥረትን መቻሉ ብርድን ያስችለዋል ማለት አይደለም። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ውኃ ውስጥ በሚገባ ያድጋል፤ ከ20 በታች እድገቱ ይጎተታል፣ 16 እና 17 ላይ መብላት ያቆማል፣ 11 እና 12 ላይ ይሞታል። አምባዛም የሚያምርበት ከ25 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚሰጡት መኖ ወደ ሥጋ መለወጡ ይቀንሳል። ልዩነቱ አምባዛ ቅዝቃዜውን በሕይወት አልፎ ሊቆይ መቻሉ ነው፤ መቆየትና ማደግ ግን የተለያዩ ናቸው፣ ገበያ የሚፈልገውም ያደገውን ነው።

ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት ቴርሞሜትር ይግዙ። በአካባቢዎ ያለ ኩሬ ወይም ትንሽ ግድብ መርጠው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ከወለሉ ሳይሆን ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይለኩ። የሁለቱ አማካይ በእነዚያ ወራትም ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሁለቱም ዓሦች ይሆኑልዎታል። ተፈጥሮም ለዚህ ምልክት ትሰጣለች፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ጣና ሁለቱንም ዓሦች በብዛት ያኖራል። ከዚያ ከፍታ ብዙ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰው ልኬቱን ሳይይዝ ጫጩት ባይገዛ እመክራለሁ።

ሁለቱን የሚለያያቸው

አየሩን እናስቀድም። አልጌ የበዛበት ኩሬ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ሲያመርት ውሎ ሌሊት ራሱ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ በመሆኑም እጥረቱ የሚበረታው ሊነጋ ሲል ነው። ጎሕ ሲቀድ ቆሮሶዎች ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ካዩ ጭንቅ ላይ ናቸው፤ በዚያው ሰዓት ንጹሕ ውኃ ማስገባት፣ ለቀናትም እበትና መኖ ማቆም ይገባል። የሚያስገቡት ውኃ ከሌለዎት፣ ማለትም ምንጩ ከየካቲት በኋላ የሚነጥፍ፣ ኩሬው በበጋ የሚጎድል ከሆነ፣ ቆሮሶ ለእርስዎ አደጋ አለው። አምባዛ ግን ይህንን ይችላል፤ የሚጎድል ኩሬ ለእርሱ የቆየ ቤቱ ነው።

በመኖ ረገድ ፍርዱ ይገለበጣል። አምባዛ ማታ የሚያድን፣ ከነፍሳት እስከ ትንንሽ ዓሣ ያገኘውን የሚበላ ነው፤ ፈጥኖ እንዲያድግ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ከመቶ 35 እና ከዚያ በላይ የሆነ መኖ ይፈልጋል። የቆሮሶ መኖ ከመቶ 25 እስከ 30 ቢሆን ይበቃል፤ ኩሬው በሚገባ አረንጓዴ ከሆነም ከዚያ ባነሰ ይኖራል። የዓሣ ዱቄት፣ የቄራ ተረፈ ምርት ወይም የዶሮ እርባታ ተረፈ ምርት በአቅራቢያው የሚያገኝ ሰው አምባዛን ሊያዋጣው ይችላል። ላምና ዶሮ ያለው፣ ነገር ግን መኖ መግዛት የሚከብደው ገበሬ ዓሣው ቆሮሶ ነው፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

ቦታውም ይወስናል። ቆሮሶ በእበት በዳበረ የአፈር ኩሬ ውስጥ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ቢሆን ያምርበታል፤ ያም ሰፊ መሬትና ፀሐይ ይጠይቃል። አምባዛ አየሩን ከላይ ስለሚወስድ በሲሚንቶ ገንዳ ወይም በላስቲክ በተነጠፈ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ታጭቆ ሊረባ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ሁኔታ ምግቡ በሙሉ ከእጅዎ ስለሚመጣና ውኃው ቶሎ ስለሚቆሽሽ ውኃ የመለወጥ ሥራው ይበዛል። ጠባብ ግቢና መደበኛ የውኃ አቅርቦት ያለው ሰው ወደ አምባዛ ቢያዘነብል ይሻለዋል።

በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጨውነቱን ማስለካት አለበት። ቆሮሶ ጨውንና ከፍተኛ ፒኤችን ከብዙ ዓሦች በተሻለ ይችላል፤ ችሎታው ግን ወሰን አለው። አብያታ ሐይቅ እየሸሸ ጨውነቱ በበረታ ጊዜ በአንድ ወቅት ይሰገርበት የነበረው ቆሮሶ መጥፋቱን ያስታውሱ።

ገበያውን በተመለከተ የእኛ አገር ጉዳይ ከሌላው ይለያል። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ ፊሌቶው ነጭና እሾሁ በቀላሉ የሚወጣ ነው፤ ምግብ ቤቶች የሚጠይቁት እርሱን ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን «ክንፍና ቅርፊት ያላቸውን» ብሉ የሚለውን ቃል አክብረው አምባዛ የማይበሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህን እንደ ተራ ልማድ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም። የዓሣ ፍላጎት ጎልቶ የሚጨምረው በዐቢይ ጾም ስለሆነ፣ በዚያ ወቅት ገዢ ከሚሆኑት ሰዎች ውስጥ አምባዛ የማይነኩት ጥቂት እንዳልሆኑ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። በሌላ በኩል አምባዛ በመብላት የቆዩ፣ ሥጋው ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ የሚመርጡትም አሉ። ስለዚህ የአምባዛ ጫጩት ከመግዛትዎ በፊት ዓሣውን የሚረከብዎትን ሰው በአካል አግኝተው ያነጋግሩ፤ የቆሮሶ ገዢ ግን ፈልጎ ይመጣል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ሁለቱን አንድ ላይ

ሦስተኛ ምርጫም አለ፤ በእኔ እይታ ለተለመደው የአፈር ኩሬ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ሐይቅ ውስጥ የቆሮሶን ብዛት የሚመጥነው ዓሣ በል ዓሣ ከሆነ፣ ኩሬ ውስጥም ያንኑ ሥራ ለአምባዛ መስጠት ይቻላል። ወንዴና ሴቴ የተቀላቀለበት ቆሮሶ መራባት ሲጀምር አምባዛው ጫጩቶቹን እየበላ ኩሬውን ያጠራል፤ የተረፉት ቆሮሶዎች መኖና ቦታ አግኝተው ያድጋሉ፣ አምባዛውም ውድ መኖ ሳይገዛለት ፕሮቲኑን ያገኛል። ወንዴ ብቻ የሆነ ጫጩት ማግኘት በሚያስቸግርበት አካባቢ ይህ መፍትሔ ወርቅ ነው።

ጥንቃቄው ግን በመጠንና በጊዜ ላይ ነው። አምባዛ አፉ የቻለውን ይውጣል፤ ከቆሮሶው የሚበልጥ አምባዛ ካስገቡ የሚበላው ገና ያልተወለደውን ሳይሆን የገዙትን ነው። መጀመሪያ ቆሮሶውን ያስገቡ፤ አንድ ወይም ሁለት ወር ቆይተው ጫጩት በኩሬው ዳር በመንጋ ሲዋኝ ማየት ሲጀምሩ ከቆሮሶው ያነሱ አምባዛዎችን ይጨምሩ። ለአሥር ቆሮሶ አንድ ያህል አምባዛ መልካም መነሻ ነው። ጫጩት መብዛቱን ካልተወ በሚቀጥለው ዙር አምባዛውን ይጨምሩ፤ አምባዛው ከስቶ ከወጣ ይቀንሱ።

ለደጋው

ልኬቱ የሁለቱንም ዓሦች በር የዘጋበት ደገኛ ብዙውን ጊዜ ካርፕ ይመከራል። ካርፕ የሞቃት አካባቢ ዓሣ አይደለም፤ መገኛው ከዳኑብና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ እስከ እስያ ያለው ክፍል ነው፣ ክረምቱን በበረዶ በተሸፈነ ውኃ ሥር የሚያልፍ ዘር ነው። ቆሮሶ መብላት ባቆመበት ውኃ ይበላል፤ 17 እና 18 ዲግሪ ላይም ይራባል። ነገር ግን በኩሬው ወለል ጭቃ ውስጥ ትል እየፈለገ ስለሚቆፍር ውኃውን ያደፈርሳል፣ የግድቡንም ሥር ይቦረቡራል፤ ሥጋው ውስጥም ጥቃቅን እሾሆች ይበዙበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ መጤ ነው። ዛሬ ዝዋይና ቆቃ ውስጥ ይገኛል፤ ያልደረሰባቸው ውኃዎች ባሉበት መቆየታቸው ግን የሁላችንም ጉዳይ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ካርፕን የምመክረው መውጫው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ለማይፈስ፣ ጎርፍ ለማይደርስበት የደጋ ኩሬ ብቻ ነው። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከተቻለም በሰበታ ካለው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ምክር ሳይጠይቁ ማስገባት አይገባም።

መቼ ይግባ

ምርጫው ካለቀ የሚቀረው ወሩ ነው። በወይና ደጋ፣ የበጋው ብርድ ቆሮሶን በሚያዘገይበት አካባቢ፣ ጫጩቱ በየካቲት መጨረሻ ቢገባ የመጋቢትን፣ የሚያዝያንና የግንቦትን ሙቀት ሙሉ ለሙሉ ያገኛል፤ በክረምት ደመና አልጌው ሲቀንስ ፍሩሽካና ፋጉሎውን ጨምረው ይደግፉትና ኅዳር ሳይገባ ይሰበስቡታል። በቆላ ብርዱ ስለማያሳስብ ገበያውን ተከትሎ መሄድ ይሻላል፤ በነሐሴ የገባ ቆሮሶ መኖ ካላጣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለመረብ ይደርሳል። አምባዛውን የሚቀላቅሉ ከሆነ የእርሱን ጫጩት ቆሮሶውን ባስገቡበት ሳምንት ይዘዙ፤ ማስፈልፈያ ጣቢያዎች ጫጩቱን አዘጋጅተው እስኪያስረክቡ ጊዜ ይወስድባቸዋል፣ ኩሬዎም እስከዚያው የአምባዛው ተራ ይደርሳል።